ከአንድ እቅፍ ቀጤማ የተነሣ ዓመት፦ የዕፅዋት ክበብ ዘገባ

በክበባችን ዘንድሮ የሠራነው ሁሉ የተነሣው ከአንድ እቅፍ ቀጤማ ነው። መስከረም ላይ አዳራሹን ልንጎዘጉዝ ከገበያ ያመጣነውን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስትፈታው «መምህር፣ ይኼ እኮ ሁሉም አንድ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ገሚሱ አገዳ በጣት ሲያሹት ሦስት ጠርዝ አለው፤ ሲቆርጡትም ውስጡ ድፍን ነው። ገሚሱ ድቡልቡል፣ ባለ አንጓ፣ ውስጡም ክፍት ነው። ይኸኛው ሣር ነው። ያኛው ግን ሳይፐራሴ ከሚባለው፣ በዓለም ላይ ከ5,000 በላይ ዝርያ ካለው የቀጤማ ቤተሰብ ነው።

ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ ወደ ጎንደር ወንዞች፣ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ዳር ወረድን። ቀጤማን ከሣር መለየቱ ቶሎ ተለመደ፤ ቀጤማን ከቀጤማ መለየት ግን ዓመቱን ፈጀ። ቅጠሉ ብዙ አይናገርም፤ ዛላውን በአጉሊ መነጽር ማየት ግድ ነው። የዛላው ቅርፊቶች ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ከተደረደሩ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፐረስ የሚባለው የቀጤማ ወገን ነው። ፍሬው በትንሽ ከረጢት ከተሸፈነ ኬሬክስ የሚባለው ሌላው ወገን ነው።

ጥቅምት ላይ የሰበሰብነው ገሚሱ ሻገተ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ናሙናው እንዲደርቅ የተጫነበትን ጋዜጣ በየቀኑ እንዲቀይሩ አላስጠነቀቅኋቸውም።

ጎርጎራ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ የነበረ ተማሪ ደንገል ይዞ መጣ። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የቀጤማ ዘመድ መሆኑ ብዙዎቹን አስገረመ፤ ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሳይፐረስ ፓፒረስ ያለው እርሱ ነው። የደባርቋ ልጅ ደግሞ ኬሬክስ ሲመንሲስ የሚባል ዝርያ እንዳለ ስትሰማ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። «ሲመንሲስ» የስሜን ማለት ነው። የቀይ ቀበሮም የሳይንስ ስሙ ካኒስ ሲመንሲስ ነው።

በየናሙናው ወረቀት ላይ አስቀድሞ ያገሬው ስም፣ ከነቦታውና ከነገረን ሰው ጋር፣ ከሥሩም የላቲኑ እንዲጻፍ አጥብቄ አዝዣለሁ። የላቲኑ ስም ቢለወጥ መዝገብ አለው፤ ካይሊንጋ የሚባለው ቀጤማ ለብቻው ወገን ሲባል ቆይቶ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ሳይፐረስ ውስጥ አስገብተውታል፣ የቀድሞ ስሙም አልጠፋም። ያንዲት የወንዝ ዳር እናት የሰጡን ስም ግን ካልጻፍነው የትም አይገኝም።

ሁለት ናሙናዎች ፍሬያቸው ሳይበስል ስለተቆረጡ «ሳይፐረስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ተብለው ሣጥኑ ውስጥ አሉ። የተነቀሉበት የአንገረብ ዳር በወረቀቱ ላይ ተሥሏል። የመጪው ዓመት አባላት ጥቅምት ላይ ከዚያው ይጀምራሉ።