የቅዳሜ እራት፦ ከየቤቱ አንድ ድስት

ሰላም ጎረቤቶች፣

በየማታው እዚህ በፎቶ የምናሳያየውን እራት በዚህ ቅዳሜ አብረን እንቅመሰው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ከምሽቱ 1፡00 ሰዓት፣ በግቢያችን በረንዳ ላይ።

ከየቤቱ በእጃችሁ የሠራችሁት አንድ ምግብና 5 እንጀራ ይምጣ። ሥጋ ግን ይቅር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ እንድንቆርስ ነው። የሚጾም ሊኖር ስለሚችል ቅቤ የገባበትን ለይታችሁ አስቀምጡ። ጎደሬ የምታመጡ በደንብ ይብሰል፤ ጥሬ የቀረ ጎደሬ ጉሮሮ ያሳክካል (ያለፈው የእኔው ድስት ነበር፣ ይቅርታ)። አሠራሩን ለሚጠይቅ መንገር ግዴታ ነው፤ «እንዲሁ በዓይኔ ገምቼ» አይሠራም።

ቡናው ከእኔ ቤት ነው፤ ስኒ የተረፋችሁ አምጡልኝ።

ምን እንደምትሠሩና ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን፤ ሁሉም ቤት ሽሮ ይዞ እንዳይመጣ።