ሕዋስ ሰዓት አይደለም፣ ወረፋ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው የሳይንስ ገጻችሁ ላይ የሕዋስ ሥራ እንደ ሰዓት ሳይዛነፍ ይሄዳል ብላችሁ ጽፋችኋል። አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባዮሎጂ አልተማርኩም። ባሕር ዳር ውስጥ ለብዙ ዓመት የቴሌፎን ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ወረፋ ግን አውቃለሁ።

ያኔ ደዋዩ የሚፈልገውን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጠኝና አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። መስመር ሲገኝ «ጎንደር! ሁለት ቁጥር ይግቡ!» ብዬ እጣራለሁ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማንም ድርሽ አይልም፤ ከዚያ አራት ሰው ባንዴ ይመጣል። አንዱ «በሰላም ገብቻለሁ» ብሎ ይወጣል። ሌላዋ መርዶ ልትነግር ገብታ ቃሉ አልወጣ ይላታል። እሷን ማን ያጣድፋል?

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች። አንድ ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን «እማዬ፣ ኤርላንግ የሚባል ነገር ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እንዴት አላውቅም! ቴክኒሻኖቻችን የመስመር ጭነት የሚለኩበት ቃል ነው። ኤርላንግ ግን ሰው መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። በኮፐንሃገን ቴሌፎን ኩባንያ የሚሠራ ዴንማርካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪ በዘፈቀደ እንደሚመጣ፣ ዘፈቀደውም የራሱ ሂሳብ እንዳለው ጽፏል። ዛሬ ያንኑ የወረፋ ሂሳብ የሕዋስ ተመራማሪዎች ይሠሩበታል።

ልጄ አንዱን ሲኒ ደፋችና «ይሄ ኢንዛይም ነው፣ ሕዋስ ውስጥ ሞለኪውሎችን እየተቀበለ የሚለውጥ ሠራተኛ፣ እንዳንቺ» አለች። ቆሎውን ከፊቱ ደረደረች፤ ሞለኪውሎቹ መሆናቸው ነው። ኢንዛይሙ አንዱን ይዞ ሳይጨርስ ሌላውን አይቀበልም። ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ፣ የተያዘው መቼ እንደሚያልቅ በዕድል ነው። በቀላሉ ስሌት፣ ሠራተኛው ግማሽ ጊዜውን ብቻ ከተያዘ፣ የሚስተናገደውም ተቆጥሮ በአማካይ 1 ደንበኛ ይኖራል። 90 በመቶ ሲያዝ 9 ይሆናል። 95 በመቶ ሲሆን 19! በበዓል ዋዜማ አግዳሚው ሞልቶ በር ላይ የሚቆመው ሰው ትዝ አለኝ። ጥቂት ደዋይ ሲጨመር ሰልፉ ያን ያህል ለምን እንደሚረዝም ያኔ የነገረኝ አልነበረም።

ከዚያ ገብሱንና ሽምብራውን ለየች። በባክቴሪያ ውስጥ እንዲወገዱ ምልክት የተደረገባቸውን ፕሮቲኖች የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። ሁለት ዓይነት ፕሮቲን እሱ ጋ ከተሰለፈ፣ ሽምብራው ሲበዛ ገብሱም ይጠብቃል። ሁለቱ በሌላ ነገር ባይገናኙም፣ ወረፋው ያገናኛቸዋል። የአዲስ አበባ ደዋይ ሲበዛብኝ የጎንደሩም ሳያጠፋ ይጉላላ ነበር።

በብልቃጥ ውስጥ ሞለኪውሉ ስፍር ቁጥር ስለሌለው አማካዩ ይበቃል። ኢ. ኮላይ የተባለችው ባክቴሪያ ግን ርዝመቷ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የምትጠቀምባቸውን ጂኖች የሚቆልፈው ፕሮቲን በአንዷ ውስጥ ከ10 ቅጂ ብዙም አይበልጥም። ከ10 ውስጥ 2 ቢጎድል ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች በኢ. ኮላይ ውስጥ ሁለት የሚያበሩ ፕሮቲኖችን፣ በአንድ ዓይነት መቆጣጠሪያ ሥር፣ በሁለት ቀለም አስገቡ። ሥራው እንደ ሰዓት ቢሆን ሁሉም አንድ መልክ ይኖራቸው ነበር። አልሆነም። ዘራቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ፣ ግን አንዷ ወደ አንዱ ቀለም፣ ሌላዋ ወደ ሌላው አደላች።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ገጹን አስተካክላችሁ አውጡ። ሂሳቡንም አትዝለሉት። የጎረቤቴ ልጅ 12ኛ ክፍል ነው፤ የሳይንስ ገጻችሁን በየሳምንቱ እየቆረጠ ደብተሩ ላይ ይለጥፋል። የሰዓቱንም ለጥፎታል፣ አይቼዋለሁ። አጠገቡ ባዶ ቦታ እንዲተው ነግሬዋለሁ።

ጡረተኛ የቴሌፎን ኦፕሬተር
ከባሕር ዳር