ኤሊና የደሴ ብርድ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከቆላ ተጭነው መጥተው በደሴ ግቢዎች የሚኖሩት ኤሊዎች አያያዝ ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ኤሊ ሙቀቷን ከፀሐይ የምታገኝ እንስሳ ናት፤ ከተማችን ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የምትገኝ በመሆኗ፣ ከእኛ ዝቅ ብላ የምትገኘውን የኮምቦልቻን ሌሊት የምትችል ኤሊ እንኳ የእኛ ክረምትና የጥቅምት ውርጭ ይጎዳታል።

የእኛዋ ኤሊ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ስታድር ከርማ አፍንጫዋ አረፋ ማውጣት፣ እርሷም አፏን ከፍታ መተንፈስ ጀመረች፤ እኛ ግን «እንቅልፍ ነው» እያልን ቀናት አሳለፍን። የሳንባ ሕመም መሆኑን የነገረን የእንስሳት ሐኪም ነው። ከዚያ ወዲህ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ደረቅ ሣር የተነጠፈበትና በሩ ወደ ጠዋት ፀሐይ የዞረ የጣውላ ቤት ሠራንላት። በመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባው ብርሃን አይበቃትም፤ ለአጥንቷ የሚያስፈልጋትን ቫይታሚን ዲ የምትሠራው በቀጥታ ከሚያርፍባት ጨረር ነውና።

ልጆች በፍቅር የሚያጎርሷት እንጀራና ዳቦ ምግቧ አይደለም። ሣር፣ እሾሁ የተለቀመለት የበለስ ቁልቋልና ጥቂት የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይሻላታል።

ከሁሉም የከፋው ገመድ ለማሰር ሲባል የጀርባዋን ድንጋይ ልብስ በመሰርሰሪያ መብሳት ነው። ልብሱ ደምና ነርቭ ያለው ሕያው አጥንት ነው፤ ስትበሳ ስለማትጮህ ብቻ አላመማትም ማለት አይቻልም። ግቢውን ማጠር ለሚችል ሰው ገመድ ምን ያደርግለታል?

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ