የዱቤ ደብተሬ የነገረኝ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለሕክምና ተማሪዎች ለጋሾች ስለሚሰጡት ድጋፍ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ አካባቢ ኮፒ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ በአብዛኛው የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። ገንዘብ ያልያዘ ልጅ ሲመጣ የምመዘግብበት የዱቤ ደብተር አለኝ። ባለፈው እሁድ ሱቁን ሳጸዳ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አገላበጥኩት። አዲስ የገቡ ልጆች ስም የለበትም ማለት ይቻላል። ሲ ዋን (ሆስፒታል ገብተው ታካሚ አጠገብ የሚማሩበት የክሊኒካል ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት) ከደረሱ በኋላ ግን ገጹ ይሞላል።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አንዲት ልጅ ሕክምና ሲደርሳት ቤተሰብ አሟጦ ይልካታል። አጎት ይጨምራል። ጎረቤት «ዶክተራችን» እያለ ብር ያስጨብጣታል። አራት ዓመት ሲሞላ አብረዋት የገቡት፣ አካውንቲንግ የተማሩት ጋውን ለብሰው ይመረቃሉ። እሷ ገና መንገድ ላይ ናት። ታናሽ ወንድሟም ደርሶ ወጪ ይፈልጋል። እናት በስልክ «ትንሽ ታገሺኝ» ማለት ትጀምራለች። ልጅቷም ከዚያ በኋላ መጠየቅ ታቆማለች።

አምና አንዲት የሲ ዋን ተማሪ ማታ 1 ሰዓት ገደማ መጣች። ነጭ ጋውኗን አጥፋ በክንዷ ይዛለች። የስልኳ ስክሪን ተሰብሮ ጠቁሯል። የምታነበው ሁሉ ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ነው። ፒዲኤፉን ጓደኛዋ በቴሌግራም ላከችልኝ። ምዕራፉ 64 ገጽ ነው። ዋጋውን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲያው ጋሼ፣ ከ12 እስከ 20 ያለውን ብቻ ያትሙልኝ» አለች። በማግስቱ ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ ታካሚዎችን እየዞሩ ሲያዩ፣ የአንዲት ታካሚን ኬዝ የምታቀርበው እሷ ናት። ታካሚዋ ልባቸው የደከመ አንዲት እናት ናቸው። ከ64 ገጽ 9ኙን አንብባ አልጋቸው አጠገብ ልትቆም ነው። ሁሉንም አትሜ ሰጠኋት። ስሟን ደብተሩ ላይ ስጽፍ አንገቷን ደፋች።

ይህን ሳወራ አንዳንድ ሰው «መንግሥት እያስተማራቸው ምን ጎደላቸው?» ይለኛል። እውነት ነው፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመንግሥት የተመደበ ተማሪ ክፍያ ስላጣ ከበር አይመለስም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት አለ። የምግቡ፣ የዶርሙና የትምህርቱ ድርሻ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፣ ተመርቀው ሲሠሩ ይከፍሉታል። ግን ወጪ መጋራት ስቴቶስኮፕ አይገዛም። ዱቲ ላይ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ተረኛ ሆነው፣ አድረው ካፌ ሲዘጋባቸው እራት አይሆንም። ለሴቶቹ ሞዴስ፣ ለሁሉም የሞባይል ዳታ፣ የባጃጅ ሂሳብ፣ ሳሙና ከኪስ ነው። ሌላው ተማሪ ክረምት ላይ አገሩ ገብቶ የቀን ሥራም ቢሆን ይሠራል። ዋርድ፣ ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል፣ ግን ክረምት ነው ብሎ አይዘጋም። ክሊኒካል የገባ ልጅ ሠርቶ የሚያገኝበት ጊዜ የለውም።

የለጋሾች ድጋፍ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። በየወሩ ሂሳቧ ላይ የሚገባ ትንሽ ብር አንዲትን ልጅ ዋርድ ውስጥ ያቆያታል። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ድጋፍ ያገኙ ልጆች ስም ከደብተሬ ይጠፋል። ቀድመው መጥተው የቆየ ዕዳቸውን የሚከፍሉም እነሱ ናቸው።

ነገር ግን ድጋፉ አሰጣጥ ላይ ችግር አለ። የነገርኳችሁ ልጅ ቀደም ሲል ከአንድ ለጋሽ በወር 1500 ብር ታገኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሰጥተው «ፕሮጀክቱ አልቋል» አሏት። ሕክምና እስከ ኢንተርንሺፕ፣ እስከ መጨረሻው የሆስፒታል ልምምድ፣ ከስድስት ዓመት በላይ ይወስዳል። የሁለት ዓመት ድጋፍ ልክ ጭንቁ ሲጀምር ያልቃል። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ተቀየረ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የወረቀትና የቀለም ዋጋም አብሮ ወጣ፣ እኔም ሳልወድ ጨመርኩ። የእሷ 1500 ግን እስኪቋረጥ ድረስ ያው 1500 ነበር።

ሌላው ልጅ ደግሞ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ስቴቶስኮፕ ሰጠው። ሲሰጠው ባነር ፊት አቁመው ፎቶ አነሱት። «ለችግረኛ ተማሪዎች የተደረገ ድጋፍ» ይላል ባነሩ። ፎቶው በፌስቡክ ዞሮ አገሩ ደረሰ። አባቱ ደውለው «ልጄ፣ እኔ እያለሁ ለማኝ አደረጉህ?» አሉት። ይህን ሲነግረኝ እንባው ይወርድ ነበር። ነገ የሰው ገመና የሚጠብቅ ሐኪም እንዲሆን የምንፈልገውን ልጅ ገመናውን አውጥተን ነው የምንረዳው?

የተሻለ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። የጀርመን መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1992 ጀምሮ ዳፊ በሚባለው ስኮላርሺፕ ስደተኛ ተማሪዎችን ይደግፋሉ። የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ሳይሆን ለኑሮ፣ ለመጽሐፍና ለትራንስፖርትም ይሰጣሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር አካል ጉዳት ያለባቸውን ወጣቶች ያስተምራል። እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ በኖርዌይ ገንዘብ፣ በሕብረተሰብ ጤና የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን አስተምሯል። የዲላ፣ የወላይታ ሶዶና የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎችም አብረው ነበሩ። ገንዘቡ በተቋም በኩል ሲያልፍ ሥራው መልክ ይይዛል። የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ላሉት የዋርድ ልጆችም እንዲህ ያለ ነገር እንዲደርሳቸው ነው የምለምነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በየመንግሥት ሕክምና ኮሌጁ ለዚህ ብቻ የሚሆን አንድ ሂሳብና አንድ ኃላፊ ይኑር። ከውጭ ያለው ወገናችንም፣ ድርጅቱም፣ ከኮሌጁ የተመረቀው ሐኪምም እዚያ ያስገባ። አንዱ ለጋሽ ሲያቋርጥ ልጁ እንዳይወድቅ ገንዘቡ በአንድ ቋት ይሁን። የተመረጠ ልጅ እስኪመረቅ ይያዝ። ቅድሚያው ሲ ዋን ለሚገቡት ይሁን። የወሩ መጠን በየዓመቱ ከገበያው ጋር ይታይ። ምርጫው በሚስጥር፣ የገንዘቡ ሂሳብ ግን በግልጽ ይሁን፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለስንት ተማሪ ተከፈለ የሚለው በየዓመቱ ይለጠፍ። የልጆቹ ስምና ፎቶ ግን አይውጣ።

እኔም የበኩሌን አደርጋለሁ። ሂሳቡ በተከፈተ ቀን ከሱቄ ገቢ በየወሩ 1000 ብር አስገባለሁ። እዚህ ሰፈር ያሉትን ምግብ ቤቶችና ፋርማሲዎች አነጋግሬ ነበር፣ ሦስቱ ወዲያው እሺ ብለውኛል። የት እናስገባ የሚለው ነው መልስ ያጣው።

ከእናንተ ሰው ወደ ሐዋሳ ከመጣ ደብተሩን አሳየዋለሁ። ስሞቹን በወረቀት ሸፍኛቸዋለሁ። ቀኑ፣ ገጹና የቀረው ብር ይታያል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የኮፒ ቤት ባለቤት፣ ከሐዋሳ