ለየኔታ ካባ ከመደረቡ በፊት የሜዳው በር ይከፈት

ለተከበረው የጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፦

በሰፈራችን ሰሞኑን የሚወራው ለአንድ አረጋዊ ካህን ስለታሰበው የምስጋና ዝግጅት ነው። ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ገንዘብ እየተዋጣ ነው፤ እንደ ወጉም ካባ ሊደረብላቸው፣ የምስክር ወረቀትም ሊሰጣቸው ታስቧል። እኔም ከእጃቸው ያደግሁ የቀድሞ ተጫዋች እንደመሆኔ የድርሻዬን አዋጥቻለሁ፤ ሆኖም ካባው ከመደረቡ በፊት ሊባል የሚገባው አንድ ነገር ስላለ በጋዜጣችሁ በኩል እንዲደርስልኝ እጠይቃለሁ። ስማቸውን የማልጠቅሰው እሳቸው ስላልፈቀዱ ነው። ሜዳ ላይ ከማግኘታችን በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፊደል ያስቆጠሩን ስለነበሩ ዛሬም ድረስ «የኔታ» እያልን ነው የምንጠራቸው።

የኔታ ከ40 ዓመት በላይ ጠዋት በቤተ መቅደስ፣ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤት ሜዳ ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ ከሜዳው አምስት ሳንቲም አግኝተው አያውቁም። ለጨዋታ ሲወጡ ሸራ ጫማ ያጠልቃሉ እንጂ ጥምጣማቸውን አይፈቱም፤ ነጠላቸውን አደግድገው፣ መስቀላቸውን በቀኝ ኪሳቸው፣ ፊሽካቸውን በግራ ኪሳቸው ይዘው ሲገቡ እንግዳ ቡድን መጀመሪያ ይሥቅ ነበር። የመጀመሪያዋን ፍፁም ቅጣት ምት ከሰጡበት በኋላ ግን ሣቁ ይቆማል።

ስለ ገመዳቸው ካልተናገርሁ የኔታን ገለጽሁ ለማለት አልደፍርም። በቤታቸው ከመቋሚያቸው አጠገብ በምስማር ላይ የሚሰቀል፣ በሰም የታሸ ገመድ ነበራቸው፤ ከጫፉ እስከ ቀዩ ቋጠሮ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ ነጩ ቋጠሮ ደግሞ 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። የእኛ ግብ የባሕር ዛፍ ስለነበር ክረምት ባለፈ ቁጥር አንዱ ቋሚ ይሰምጣል፣ አግዳሚው ይጎብጣል፤ የኔታም በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ገመዳቸውን ይዘው መጥተው ግቡን ለክተው ሳያቃኑ ኳስ አያስነኩንም ነበር። ሌላው ሰፈር ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ በሚጫወትበት ዘመን ይህ ሁሉ ጭንቀት ለእኛ ለልጆቹ ትርጉም አልነበረውም፤ በኋላ በትምህርት ቤቶች ውድድር እውነተኛ ሜዳ ስንረግጥ ግን ግቡ ለበረኛችን እንግዳ አልሆነበትም።

ቄስን ከኳስ ምን አገናኘው የሚሉ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ልደት ሲመጣ ጌታውም ሎሌውም ዱላ ይዞ እሩር ሲያሳድድ በኖረበት፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» በሚባልበት አገር ይህ ጥያቄ መነሣቱ ይገርመኛል። የኔታ ጾሙንም ጨዋታውንም በየቦታው ያውቁበት ነበር። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሩጫ የለም፤ ከቅዳሴ መልስ በግንቡ ጥላ ሥር ሰብስበውን ጠጠር እየደረደሩ ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ሕግ ያስረዱናል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ በቡድናችን ከሙስሊሞቹ ሰፈር ከአዲስ ዓለም የመጡ ልጆች ስለነበሩ ልምምዱን ወደ ማለዳ ያዞሩት ነበር።

የሴቶቹ መረብ ኳስ ቡድን ነገር ለብቻው የሚተረክ ነው። ልጄ በሰው ፊት አትዘልም የሚል አባት ባለበት ቤት የኔታ ራሳቸው ይሄዳሉ፤ ቡናው በረካ እስኪደርስ ስለ ዝናቡና ስለ እህል ዋጋ ሲያወሩ ይቆዩና ሊነሡ ሲሉ ልጅቱ ቅዳሜ ከሰዓት እንድትፈቀድላቸው ይጠይቃሉ። የንስሐ አባቱን ፊት ለፊት እምቢ የሚል አባወራ አላየሁም። ይህን ሥልጣን ለኳስ ማዋላቸውን ያልወደዱ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን በዚያ መንገድ ለመጫወት ከበቁት አንዷ እህቴ ስለሆነች ፍርዴ ያደላል ቢባል አልከራከርም። ያን ጊዜ ገመዱ ሦስተኛ ቋጠሮ ተጨመረለት፤ ለሴቶች መረብ ከፍታ 2 ሜትር ከ24።

ከእጃቸው ስመ ጥር ተጫዋች አልወጣም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ የአፄዎቹን መለያ ከለበሱት መካከል የእኛ ሜዳ ልጅ አልነበረም። ከእኛ የወጡት ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ መምህራንና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያው ሜዳ ይመለሱ የነበሩ አባቶች ናቸው።

«ይመለሱ የነበሩ» ያልሁት በምክንያት ነው። ተማሪ ሲበዛ የሜዳው ግማሽ ያህል የመማሪያ ክፍል ተሠራበት፤ ልጅ ከሚማርበት ክፍል ኳስ ስለማይበልጥ ማንም አልተቃወመም። የተረፈው ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ተቆልፎ ሰኞ ጠዋት ይከፈታል፤ ስንጠይቅ ለንብረት ጥበቃ ነው ተባልን። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም፤ የተሰበረ መስኮት አይቻለሁ። በዚህ መካከል ልጆቹ ባጃጅ በሚመላለስበት ኮብልስቶን ላይ ይጫወታሉ። የኔታም ቅዳሜ ከዘራቸውን ተደግፈው ይመጡና በብረት በሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አይተው ይመለሳሉ። ይህን ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ኮሚቴውንም ትምህርት ቤቱንም የምለምነው በሩ ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት እንዲከፈት፣ የጥበቃ ሠራተኛው የትርፍ ሰዓት ክፍያም ለካባው ከተዋጣው ገንዘብ ላይ እንዲነሣ ነው። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ካባው ይቅር። ቁልፍ በተራ እየተረከብን ለሚጠፋውም ለሚሰበረውም ተጠያቂ ለመሆን 12 የቀድሞ ተጫዋቾች ፈርመናል፤ ደብዳቤውንም ለርእሰ መምህሩ አስገብተናል።

ገመዱ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው በፋሲካ ሰሞን አስረከቡኝ። ግቡ ከክረምቱ ወዲህ አልተለካም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቀድሞ ተጫዋቻቸው
ጎንደር