ስለ ሽጉጡ ለጠየቅኸኝ

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ድምፅህን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቀኝ። ስንት ጊዜ ሆነን ተጠፋፍተን! አንተ ዳላስ፣ እኔ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ሥራ ሥራ ስንል ጊዜው ነጎደ። የማጫውትህ ብዙ ነው። ግን የድምፅ መልእክትህ መጨረሻ ላይ ያነሳኸው ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ደግመህ እንድታነበው ብዬ ግን ጻፍኩት።

ግሎክ 19 ሽጉጥ ገዛሁ አልከኝ። ከምትሠራበት ሱቅ አለፍ ብሎ ያለውን የነዳጅ ማደያ ልጅ በሽጉጥ አስፈራርተው ከዘረፉት ወዲህ ሌሊት ብቻህን መቆም ፈራህ። ከዚያ ጠየቅኸኝ፦ «ማጉረሻው ውስጥ ጥይት አጉርሼ፣ ለመተኮስ ዝግጁ አድርጌ ልያዘው ወይስ ማጉረሻውን ባዶ ላድርገው?» አሁን የት እንደምታስቀምጠውም ነገርከኝ። አንዳንዴ ጃኬት ኪስህ ውስጥ፣ አንዳንዴ ከካውንተሩ ሥር መሳቢያ ውስጥ፣ ወደ ቤት ስትሄድ ደግሞ መኪናው ውስጥ።

እኔ በጥበቃ ሥራ ታጥቄ እንደምውል ታውቃለህ። የኔ የጎረሰ ነው። የሥራው ደንብ ነው፣ እኔም አምንበታለሁ። ያንተ ግን አሁን ባለህበት ሁኔታ አይጉረስ። መልሴ ይኸው ነው። ምክንያቱን ግን በደንብ ስማኝ። ግማሹን ብቻ ከያዝክ ሌላ ስህተት ውስጥ ትገባለህና።

እዚህ አገር ያሉ አሠልጣኞች አብዛኞቹ ያልጎረሰ ሽጉጥ ግማሽ ሽጉጥ ነው ባዮች ናቸው። እውነት አላቸው። ለማቀባበል፣ ማለትም የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ለቆ ጥይት ለማጉረስ፣ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ካውንተሩን ዘሎ ሲመጣብህ ግራ እጅህ እሱን እየገፋ ነው፣ ወይም ፊትህን እየከለለ ነው። የላይኛውን ብረት በምን ትስበዋለህ? በ1983 (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ዴኒስ ቱለር የሚባል የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አንድ ነገር ለክቶ አሳይቶ ነበር። ጩቤ የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ በአንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ ሮጦ ይደርስብሃል። ያንተ ካውንተር ደግሞ አንድ ሜትርም አይሞላም። በ2019 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እዚያው አጠገባችሁ ዋይት ሴትልመንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሆነውን ታስታውሳለህ። ገዳዩ ሁለት ሰው ገደለ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ እሱን ጣለው፣ ሁሉም ነገር በስድስት ሰከንድ አለቀ። በስድስት ሰከንድ ውስጥ ማቀባበያ ጊዜ ፈልግ! ግን አንድ ነገር ልብ በል። ያ ጠባቂ ሽጉጥ አተኳኮስ የሚያስተምር ሰው ነበር።

ማጉረሻውን ባዶ አድርጎ መያዝም የሰነፍ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካኖቹ «የእስራኤል አያያዝ» ይሉታል። እዚያ ሽጉጡን ከመምዘዝ ጋር አያይዞ በአንድ እንቅስቃሴ ማቀባበል ለረጅም ዘመን ሲሠለጠንበት ኖሯል። ከእነሱም በፊት ፌርቤርን የተባለው እንግሊዛዊ የሻንጋይ ፖሊሶችን እንደዚያው ያሠለጥን ነበር። ያኔ ሽጉጦቹ ራሳቸው የሚታመኑ አልነበሩም። ከእጅ ሲወድቁ የሚባርቁም ነበሩባቸው። ደግሞ ሥልጠናው ለብዙ ሰው በአንዴ ስለሚሰጥ ለሁሉም የሚሆን ቀላል ደንብ አስፈለገ።

ያንተ ግሎክ እንደዚያ አይደለም። ውስጡ ሦስት መጠበቂያ አለው። ቢወድቅም እንዳይተኩስ ተደርጎ ነው የተሠራው። በራሱ ይባርቃል ብለህ አትስጋ። ነገር ግን በአውራ ጣት የሚቆለፍ ሴፍቲ የለውም። ምላጩ ከተሳበ ይተኩሳል፣ በቃ። ጣትህ ይሁን፣ የጃኬትህ ገመድ ይሁን፣ ታጥፎ የገባ የሸሚዝህ ጫፍ ይሁን ለሱ አንድ ነው። ስለዚህ ከመጉረሱ ይልቅ ምላጩን ምን ሸፍኖታል የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። ጃኬት ኪስ ውስጥ ቁልፍ አለ፣ እስክሪብቶ አለ፣ ስልክ አለ።

ፕላክሲኮ በረስን ታስታውሰዋለህ? በ2008 መጀመሪያ ለኒውዮርክ ጃያንትስ የአሜሪካ ፉትቦል ሻምፒዮናውን፣ ሱፐር ቦውሉን፣ ያሸነፈችውን ኳስ የያዘው ተጫዋች። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ማንሃታን አንድ ክለብ ውስጥ ግሎኩን ያለ አፎት ቱታ ሱሪው ወገብ ላይ ሻጥ አድርጎት ነበር። ሽጉጡ በእግሩ ላይ ተንሸራተተ። ሊይዘው ሲል ባረቀና ጭኑን መታው። ተርፏል። ግን ያለ ፈቃድ በመያዙ የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። የላስቲክ ወገብ ያለው ሱሪና ያልተሸፈነ ምላጭ፣ ይኸው ነው የሆነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አፎት ግዛ። ለግሎክ 19 ልክ የተሠራ፣ ኪዴክስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ለስላሳ የጨርቅ አፎት አፉ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ራሱ ምላጩን ይስበዋል፣ እሱን አትግዛ። ወፍራም ቀበቶም ያስፈልግሃል። ሽጉጡ ወገብህ ላይ ይሁን፣ ከወገብህ ሲወጣ ደግሞ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። መሳቢያ የሚባል ነገር አልስማ። ወደ አፎቱ ስትመልሰው ዓይንህ እያየ፣ ሸሚዝህን ገልጠህ፣ ቀስ ብለህ መልስ። ቶሎ መልስ ብሎ የሚያስቸኩልህ የለም። ብዙ ሰው ራሱን የሚመታው ሲመዝ ሳይሆን ሲመልስ ነው።

ከዚያ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ካዝናውን፣ ማለትም ጥይት መያዣውን፣ አውጥተህ አቀባብል፣ ማጉረሻው ባዶ መሆኑን አይተህ ካዝናውን መልስ፣ ከዚያ ሳታቀባብል ወገብህ ላይ ይዘኸው ዋል። ጎንበስ በል፣ ካርቶን አንሳ፣ መኪና ውስጥ ግባ። ማታ ስታወጣው ምላጩን ተመልከት። ማጉረሻው ባዶ የሆነ ግሎክ ምላጩ ከተሳበ ወደ ኋላ ሄዶ እዚያው ይቀራል። ወደ ፊት እንዳለ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ምንም ነገር አልሳበውም ማለት ነው። ይህን ለሳምንታት በዓይንህ ካየህ በኋላ የአያያዝህ ነገር ያለቀለት ይሆናል። ጎን ለጎን ተኩስ ሜዳ ሂድና አሠልጣኝ ያዝ። ከሸሚዝ ሥር መምዘዝን፣ ጣትህን ከምላጩ ውጪ ማቆየትን ልመድ። እጅህ ሳታስብ ይህን ሲያደርግ አጉርስ። ያኔ እኔ ራሴ አጉርስ እልሃለሁ። ለስድስት ወር ባዶ መያዝ ይቻላል። ሳልለማመድ ዕድሜ ልኬን ባዶ እይዘዋለሁ ካልክ ግን ሽጉጡን ሽጠው። ያልተለማመደ ሰው በድንጋጤ ውስጥ ማቀባበል አይችልም፣ ባዶነቱም ትዝ አይለውም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ልጆቹ።

በ2014 ታኅሣሥ መጨረሻ፣ አይዳሆ ውስጥ ሄይደን በምትባል ከተማ አንዲት እናት ልጇንና ሌሎች ልጆችን ይዛ ዋልማርት ሱቅ ገባች። የመያዝ ፈቃድ ነበራት። ሽጉጧ ለዚሁ በተሠራ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ ቦርሳው ደግሞ ጋሪው ላይ። የሁለት ዓመት ልጇ ከጋሪው ላይ እጁን ሰደደና ቦርሳውን ከፈተ። እናቱን ገደላት። እንዲህ ያለ ሕፃን ምላጭ መሳብ ይችላል። የላይኛውን ብረት ስቦ የማቀባበል ጉልበት ግን የለውም፣ ያ ስፕሪንግ ለአዋቂም ጠንካራ ነው። ማጉረሻው ባዶ ቢሆን ኖሮ ያቺ እናት ዛሬ በሕይወት ነበረች ብዬ አስባለሁ። አንተ ደግሞ ልጆችህን ትምህርት ቤት በምታደርስበት መኪና ውስጥ ነው የምታስቀምጠው።

ግን ባዶነቱን አምነህ ሣጥኑን እንዳትተወው። ትልቁ ልጅህ ማቀባበል የሚያቅተው ዕድሜ ላይ አይደለም። የቴክሳስ ሕግም ያውቀዋል። ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የተሞላ መሣሪያ እጁ እንዲገባ በቸልታ የተወ ሰው ይጠየቃል። ሕጉ የተሞላ የሚለው ደግሞ ጥይት ያለበትን ሁሉ ነው፣ ማጉረሻው ውስጥ ኖረም አልኖረም።

ጥይት ስታወጣም ተራውን ጠብቅ። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ፣ ከዚያ አቀባብለህ ማጉረሻው ውስጥ ያለችውን ጣል፣ ከዚያ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። መጀመሪያ አቀባብለህ ካዝናውን ኋላ ካወጣህ አንድ ጥይት ውስጥ ቀረች። ግሎክ ለማጽዳት ሲፈታታ ደግሞ ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያየ የሚፈታ ሰው በዚህች አንድ ጥይት ነው ቤቱን የሚያፈርሰው። አንዷን ጥይትም ደጋግመህ አታጉርስ። እርሳሷ ወደ ቀለሃው እየተገፋች ትገባና ስትተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። ከመስከረም 2021 ወዲህ ቴክሳስ ውስጥ ዕድሜው 21 የሞላና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ መያዝ ይችላል፣ ይህን ታውቃለህ። እኔ ግን ፈቃዱን አውጣ እልሃለሁ፣ ኮርሱ ራሱ ይጠቅምሃል። ወደኛ ስትመጣ ሽጉጡን እቤት ተወው። ሜሪላንድና ዲሲ የቴክሳስን ፈቃድ አይቀበሉም። ከኛ ከቨርጂኒያ ወደዚያ ድልድይ መሻገር ብቻ ወንጀል ይሆንብሃል። ግሪን ካርድህ ገና ወደ ዜግነት ካልተቀየረ ደግሞ የመሣሪያ ጥፋት ከአገር ሊያስወጣህ ይችላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅሙት ጓደኞቻችንንም ምከራቸው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ የተከለከለ ነገር የሚጠቀም ሰው ደግሞ መሣሪያ ሊኖረው አይችልም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ገንዘብ አምጣ ካሉህ ስጣቸው። ካሽ ሬጂስተሩ ውስጥ ያለው ብር ያንተን ነፍስም የነሱንም አያክልም። ሽጉጡ ገንዘብ ሰጥተህም ሊገድልህ ለመጣ ሰው ብቻ ነው። ከካውንተሩ ፊት መስታወት ማስገባት ይቻል እንደሆነ የሱቁን ባለቤት ጠይቀው። ሌሊት በሩን ቆልፎ በመስኮት መሸጥም አለ። እነዚህ ከሽጉጡ በፊት መምጣት ነበረባቸው።

ዛሬ ማታ ከመሳቢያው አውጣው። የቁልፍ ሣጥኑን ነገ ግዛ። አፎቱን ከመግዛትህ በፊት ፎቶውን ላክልኝ፣ ልየው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልልሃለሁ። የአባባ ተዝካርም እየደረሰ ነው፣ ማን ምን እንደሚይዝ ያኔ እንነጋገራለን።

ወንድምህ