ፌስታል ላይ «ይበሰብሳል» ብሎ ማተም ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን እዚህ ጅማ መርካቶ ዕቃ ስገዛ የተሰጠኝ ፌስታል አረንጓዴ ቅጠል ታትሞበታል፣ ከሥሩ ደግሞ «ይበሰብሳል» ይላል። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም የአንድ ጊዜ ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ነጋዴውም ሸማቹም ምትክ እየፈለገ ነው። ደግ ነገር ነው። ግን ጽሑፉ እውነት መሆኑን ማን ነው የሚያረጋግጠው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ፌስታል ሲሸጥ የሚበሰብስ መሆን አለመሆኑ እንዲጻፍበት ያዝዝ ነበር። መጻፉ ቀላል ነው። ችግሩ ማጣራቱ ላይ ነው።

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። በእጅ በመዳሰስ ወይም በዓይን በማየት ይሄ አይለይም። ፌስታሉ ተራ ፖሊኢቲሊን፣ ማለትም የተለመደው የማይበሰብስ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ሊበሰብሱ ከሚችሉት ደግሞ ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ ስኳር የሚሠራው ፒኤልኤ፣ ወይም ፒባት የሚባለው ለስላሳ ፖሊስተር፣ ወይም የሁለቱ ድብልቅ ሊሆንም ይችላል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የብረት ጨው የተጨመረበት ፖሊኢቲሊን ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይፈረካከሳል፣ የበሰበሰ ይመስላል፣ ፍርፋሪው ግን አፈር ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት ከዚህ ዓይነቱ ፕላስቲክ የተሠራ ዕቃ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያው ላይ እንዳይወጣ ከልክሏል።

ፖሊኢቲሊንን፣ ፒኤልኤንና ፒባትን ለመለየት ኤንኤምአር የሚባል መሣሪያ አለ። የሟሟው ናሙና ኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ይገባል፣ የራዲዮ ሞገድ ይላክበታል፣ ከዚያ የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች መልሰው ምልክት ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ሃይድሮጅን አጠገቡ ባሉት አተሞች ምክንያት ምልክቱ የሚወጣበት ቦታ ይለያያል። የፖሊኢቲሊን ሃይድሮጅኖች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆኑ 1.3 ፒፒኤም (የምልክቱ ቦታ የሚለካበት አሃድ) አካባቢ ይከማቻሉ። ፒኤልኤ 1.6 እና 5.2 አካባቢ ሁለት ምልክት ይሰጣል። ፒባት ደግሞ የስድስት ካርቦን ቀለበት (በኬሚስትሪ የቤንዚን ቀለበት የሚባለው፣ የመኪናው ቤንዚን አይደለም) ስላለው 8.1 አካባቢ ይታያል። በሥዕሉ ላይ ከምልክቱ ሥር ያለው ቦታ መጠን ከሃይድሮጅኑ ብዛት ጋር ስለሚሄድ ድብልቁ ውስጥ የቱ ስንት እጅ እንደሆነም ይታወቃል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ ብርሃን መመርመር) አይበቃም ወይ?» ይሉኛል። ለመጀመሪያው ማጣሪያ ይበቃል፣ ርካሽም ፈጣንም ነው፣ እኔም የምጀምረው በእሱ ነው። ነገር ግን ፒባት ውስጥ ሁለት ዓይነት አሲዶች አሉ፣ አዲፒክና ቴረፍታሊክ፤ የቴረፍታሊኩ ድርሻ ሲበዛ መበስበሱ ይዘገያል። ድርሻቸው ስንት እንደሆነና ሰንሰለቱ ላይ እንዴት እንደተደረደሩ በደንብ የሚያሳየን ኤንኤምአር ነው። ቦቪና ቲየርስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1960 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዘዴ የአክሪሊክ ፕላስቲክ ሰንሰለት እንዴት እንደተደረደረ አሳይተዋል፣ ስለዚህ የተፈተነ መንገድ ነው።

ናሙናውን ለማሟሟት ክሎሮፎርም የሚባል ፈሳሽ እንጠቀማለን፤ ፖሊኢቲሊን ግን ቀዝቃዛ ክሎሮፎርም ውስጥ አይሟሟም፣ ሌላ ማሟሚያና ከ100 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ፒኤልኤና ፒባት ግን በቀላሉ ይሟሟሉ። ሳይሟሟ የሚቀረው ሁሉ ፖሊኢቲሊን ነው ማለት አይደለም፣ ስታርች ወይም ካልሲየም ካርቦኔት ሊሆን ይችላልና ቅሪቱ ለብቻው ይታያል።

አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም፤ ኤንኤምአር ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራል እንጂ በስንት ጊዜ እንደሚበሰብስ አይናገርም። ፒኤልኤ ራሱ ቶሎ የሚበሰብሰው ወደ 58 ዲግሪ በሚደርስ የኮምፖስት ሙቀት ነው። ሜዳ ላይ ከተጣለ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ የአፈር ሙከራም ያስፈልጋል።

ለጅማ ነገሩ የሱቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቡና ችግኝ የሚፈላው በፕላስቲክ ውስጥ ነው። ነገ አንድ ነጋዴ «ይበሰብሳል፣ ከነፕላስቲኩ ትከሉት» ቢል፣ ገበሬውም አምኖ ቢተክል፣ ፕላስቲኩ ግን ሳይበሰብስ ሥሩን አንቆ ቢቀር፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ይህን ጉዳት ገበሬው ሊሸከም አይገባም።

ትልልቆቹ የኤንኤምአር መሣሪያዎች -269 ዲግሪ ላይ የሚቀመጥ ፈሳሽ ሄሊየም ስለሚፈልጉ ዋጋቸውም እንክብካቤያቸውም ከባድ ነው። ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ፣ በቋሚ ማግኔት የሚሠሩና ሄሊየም የማይፈልጉ ከ60 እስከ 100 ሜጋኸርትዝ የሆኑ ትንንሾችም አሉ። ፖሊኢቲሊንን፣ ፒኤልኤንና ፒባትን ለመለየት እነሱ ይበቃሉ።

የምጠይቀው ይህን ነው። ለምዕራቡ አካባቢ በጋራ የሚያገለግል አንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ እዚህ ጅማ ይቀመጥ፣ ናሙና ከሱቅና ከችግኝ ጣቢያ እየተወሰደ ይመርመር፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። እናንተስ ውጤቱ ሲደርሳችሁ በየጊዜው የምታትሙበት አንድ ዓምድ ትሰጡናላችሁ?

አንድ የኬሚስትሪ መምህር
ከጅማ